ስለ መጋላ የባሕር ማዶ ሰዎች፤ ከመብዛታቸው እስከ ማነሳቸው

የድሬዳዋ ከተማ እንደ ሐረር በግንብ የታጠረች፣ እንደ ጎንደርም በነገሥታት ዙፋን የተመሠረተች አይደለችም፤ የወለዳት የምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዳገቱ ለወጪውም ለሥራውም የሚከብድ ስለ ሆነ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደቻቱ ወንዝ ዳር በደረሰ ጊዜ ስፍራው አዲስ ሐረር ተባለ። ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህም መዘግየት ለባለ ገንዘቦቹ ኪሳራ ሲሆን ለድሬዳዋ ግን ሲሳይ ሆነላት፤ የመንገድ መጨረሻ የሆነ ቦታ የጭነት ማራገፊያ፣ የግመልና የበቅሎ መገናኛ፣ የነጋዴም ማደሪያ መሆኑ አይቀርምና።

ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ በክረምት ግን የማይቻል ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወስዷል። ይህ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ኩባንያው መንገዱን በገመድ አስለክቶ የሠራው ከዚራ አለ፤ በሌላው ወገን መጋላ አለ። መጋላ ማለት በኦሮምኛ ገበያ ወይም ከተማ ማለት ነው፤ ሰፈሩም እንደ ስሙ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐማራው በአንድ መንገድ ሲገበያዩ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውም በመካከላቸው ሱቁን ከፈተ።

ከመጡትም ብዙዎቹ ከየመንና ከሐድረሞት የተነሡ ዐረቦች ነበሩ፤ ቡናና ቆዳ ይገዙ፣ ጨርቅና ስኳር ይሸጡ ነበር። ህንዶችም መጡ፤ ከነርሱ ስመ ጥር የነበረው የሙሐመድ ዓሊ ኩባንያ ኢጣሊያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ እንዲወጣ ተደረገ። ግሪኮችና አርመኖች ይበልጡን በከዚራ በኩል፣ በባቡሩ ሥራ፣ በሆቴል፣ በመካኒክነትና በንግድ ይኖሩ ነበር። አርመኖች ሦስቱን ጉባኤያት የሚቀበሉ፣ በሃይማኖት ከቤተ ክርስቲያናችን ጋራ አንድ የሆኑ ናቸውና ለካህናቱ እንደ ሩቅ ባዕድ የሚቆጠሩ አልነበሩም።

አንድ ማኅበር የሚያንስበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ቸነፈር ወይም ሰይፍ የሚጨርሰው ማኅበር አለ፤ የመጋላው ግን እንዲህ አላለቀም። ዐረቡ ብዙ ጊዜ ብቻውን የመጣ ወንድ ነበርና ከአገሩ ሴት አገባ። ልጁ በአባቱ ስም ዐረብ፣ በእናቱ ቋንቋ ኦሮሞ ወይም ዐማራ ወይም ሶማሌ ሆነ፤ የልጅ ልጁም ዐረብነቱን በስሙ ብቻ ያዘ። እንዲህ ያለው ማነስ መጥፋት አይባልም፤ ውሃ ከወይን ጋራ ሲቀላቀል ውሃው ጠፋ ለማለት የሚደፍር ማን ነው? አርመኑና ግሪኩ ግን ይበልጡን ከወገናቸው ይጋቡ ነበርና፣ ወጣቱ ወደ ውጭ በሄደ ቍጥር ለቀረው የሚያገባው እየጠፋ፣ የጥምቀቱ ቍጥር ከቀብሩ ቍጥር እያነሰ መጣ። በመላው ኢትዮጵያ ከ1,000 በላይ የነበሩት አርመኖች ዛሬ 100 አይሞሉም፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ሽማግሎች ናቸው።

ትልቁ መበተን የሆነው በአብዮቱ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በኪራይ ይተዳደር ለነበረ አሮጌ ነጋዴ ይህ እርጅናውን የሚጦርበትን ማጣት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በ1969 ዓ.ም. ሐዲዱ ተቈረጠ፤ በነሐሴም ጦሩ ከድሬዳዋ አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ባቡር የማይመጣባት መጋላ ለነጋዴ ምን ትጠቅመዋለች? አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ ወደ የመን፣ ግሪኩና አርመኑም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሄደ። በየመን በኩል የሄዱት ቤተ ሰቦች ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል፤ ኢትዮጵያዊት እናት ያላቸው ልጆች በአባታቸው አገር እንደ ድቅል እየተቈጠሩ፣ እዚህ ዐረብ ሲባሉ እዚያ ሐበሻ ተባሉ።

ሰው ሲያንስ ከተማዋ አላነሰችም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ባዶ የቀረውን ሱቅ ከየአገሩ የመጣ ሌላ ነጋዴ ያዘው፤ የቀፊራ ገበያም በዐረብ አሠራር በተሠራው ቅስት በር ሥር ዛሬም አትክልትና ቅመም ይሸጥበታል። ስለዚህ በከተማዋ መካከል የሚያልፍ ሰው ማነሱን አያየውም፤ ማነሱ የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። ለቅሶ ሲሆን የሚቀመጠው ዘመድ ስልክ የሚደውል ዘመድ ሆኗል፤ ሽማግሌው የሚያውቀውን ቋንቋ ከርሱ ጋራ የሚናገር እኩያ የለውም፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈውን ስም አንብቦ ይህ እገሌ ነበር የሚል አይገኝም። ያን ጊዜ የሚጦረውና የሚቀብረው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም የሃይማኖቱ ሰው ላይሆን ይችላል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ያለ ነውና ፉጨቱ ወደ መጋላ አይደርስም። ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስቀድሞ፣ በ2007 ዓ.ም. የመን በጦርነት በተናወጠች ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች በጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻግረው ነበር። ከነዚያም መካከል እናታቸው ወይም አያታቸው ኢትዮጵያዊት የሆነች፣ ቋንቋዋን ግን የማያውቁ ነበሩ፤ አባቶቻቸው ለንግድ የመጡበትን ባሕር ለስደት ተሻገሩት።