ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፦ የአንዲት ትንሽ ስለት ታሪክ በወገራና በስሜን ግርጌ



ምላጭ ትንሽ ዕቃ ነው። በቤት ወጪያችን ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር አግኝቶ አያውቅም፤ ከክብሪትና ከመርፌ ጋር ተደምሮ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ይገባል። ይሁን እንጂ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ወርደን እስከ አዲአርቃይ ብንሄድ ምላጭ ያልገባበት ቤት አናገኝም። ልጅ ሲወለድ እትብት የቆረጠ፣ ልጅነታችንን በቁንጮና በጋሜ የለየ፣ ባል ለሞተባት ጸጉሯን የላጨ እሱ ነው። መላጨት ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን የወንድ ጺም ቢሆንም የምላጭ ታሪክ ዋናው ክፍል ያለው በሴቶችና በሕፃናት ገላ ላይ ነው። በዚህ እትም ይህን ታሪክ በአጭሩ እንተርካለን። በመጨረሻም ቆዳችን ቶሎ የሚቆጣብን ሴቶች ምን ዓይነት ምላጭ ብንመርጥ እንደሚሻል እንነጋገራለን።

ከቀጥቃጭ ደጃፍ

አባቶችና እናቶች «ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላሉ። ተረቱን የምንጠቅሰው መድኃኒት ይሆናል ያልነው ነገር ራሱ በሽታ ሲሆን ነው። ቃሉን ልብ ብለን ካየነው ግን ታሪክም ይነግረናል። «ይበጡ» ይላል እንጂ «ይላጩ» አይልም። ላበጠ ገላ መብጣት፣ ራስ ሲያም በዋግምት ደም ማስወጣት፣ ዓይኑ ለታመመ ሕፃን ቅንድብ መብጣት፣ እንጥል መቁረጥ፣ እነዚህ ሁሉ የስለት ሥራዎች ነበሩ። ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ምላጭ የቤት ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ያንን ስለት የሚሠራው የአገራችን ቀጥቃጭ ነበር። በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ብረት በመቀጥቀጥ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ሲሆኑ፣ ሴቶቻቸው ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላው ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር፤ እንስራውና ጀበናው ከሚስቶቻቸው እጅ። ማኅበረሰቡ ግን ዕቃቸውን እየተጠቀመ ሰዎቹን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ማጀቱን የሞላችውን ሸክላ ሠሪ ከማዕድ ማራቅ ምን ያህል በደል እንደሆነ ዛሬ በእጅ ሥራቸው የሚኖሩ አባሎቻችን ያውቁታል። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከአካባቢያችን የእጅ ሙያ ብዙው አብሯቸው ሄደ።

የቀጥቃጭ ስለት ዕድሜው ረጅም ነው። ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል፤ አንዱ ለቤተሰቡ፣ ብዙ ጊዜም ለጎረቤቱ ሁሉ ይበቃል። ጥንካሬው ያም ነው፤ ጉዳቱም ያም ነው። ብዙ ዓመት የኖረ ስለት ብዙ ሰው ይነካል።

የሚጣለው ምላጭ መምጣት

አሁን በወረቀት ተጠቅልሎ የምናውቀው ቀጭን ምላጭ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ ተዘዋዋሪ ሻጭ የሚሳል ስለት ሳይሆን ሲደንዝ የሚጣል ስለት ለመሥራት አሰበ። ብረቱን ያን ያህል አሳስቶ ማጠንከር አይቻልም ብለው ብዙዎች ቢነግሩትም፣ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ የማምረቻውን ዘዴ አገኘለት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1901 ተቋቋመ። በ1903 ሽያጭ ሲጀመር ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ካየነው ያ መዝገብ ኩባንያ የሚያዘጋ መዝገብ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን ከ90 ሺህ በላይ መላጫ ተሸጠ፤ የፈጠራ መብቱም በዚያው በ1904 ተመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ተመለሰ።

ሴቶችም አልተረሱም፤ ከሽያጭ አንጻር ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ኩባንያው ለሴቶች የተለየ መላጫ አወጣ። የሴት ብብት ጸጉር ነውር ነው የሚለው ማስታወቂያም አብሮ ተስፋፋ። መላጨት የፈለገች ትላጭ፣ ያልፈለገች ትተው፤ ነገር ግን ነውሩን ማን እንደፈጠረው ማወቁ አይከፋም።

የመጀመሪያዎቹ ምላጮች ቶሎ ይዝጉ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የማይዝግ ብረትና ቆዳ ላይ በቀላሉ የሚንሸራተት ሽፋን ያላቸው ምላጮች ገበያ ላይ ዋሉ። ዛሬ «ለስላሳ» የምንለው ምላጭ የዚያ ለውጥ ልጅ ነው።

ወደኛ አካባቢ የፋብሪካ ዕቃ በብዛት እንዲገባ በር የከፈተው መንገዱ ነው። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ጠምዞ ወደ ሽሬና አስመራ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሠሩት። ከደባርቅ በላይ ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለእኛ ቀረ። በበቅሎ ጭነት ይመጣ የነበረው በመኪና መጣ፤ ሸቀጡ በገበያ ቀን ከጨውና ከኩራዝ አጠገብ ተዘረጋ።

ስለቱ የነካን እኛን ነው

ምላጭ ሲረክስ የቀድሞው ልማድ አልቀረም፤ መሣሪያውን ብቻ ቀየረ። እትብት በምላጭ ተቆረጠ፤ ንጹሕ ካልሆነ መንጋጋ ቆልፍ አራሱን ሕፃን ይወስደዋል። ሴት ልጅ በተወለደች በጥቂት ቀኗ በምላጭ ተገረዘች፤ አንዳንዴም አንዱ ምላጭ የብዙ ሕፃናትን ደም አየ። ይህን የምንጽፈው እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ያደረጉት ለልጃቸው ይበጃል ብለው ነው። ያልተነገራቸው ግን ብዙ ነበር።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በአገር ደረጃ የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 በሴቶች አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶችን ከለከለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ወርዷል፤ ግን ከ3 ሴቶች 2 ያህሉ ማለት አሁንም ትንሽ አይደለም።

እትብቱም እንዲሁ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል የአገር ልጅ የሆኑ ወጣት ሴቶች፣ በዚህ ውስጥ ድርሻቸው ትልቅ ነው። በር እያንኳኩ ስለ ስለት የነገሩን እነርሱ ናቸው።

ከዚያ በፊት ስለ ምላጭ ያስደነገጠን ኤች አይ ቪ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ «ስለታም ነገር በጋራ አንጠቀም» የሚለው ምክር በየትምህርት ቤቱና በየእድሩ ተሰማ። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት መሆኑ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ለሌላም በሽታ ጠቀመን። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ልጆቻችንን የሚያስቸግረው ቆረቆርም ራስ ከራስ በሚዞር ምላጭ ይተላለፋል። ምላጩን በውሃ አለቅልቆ ለሚቀጥለው ሰው መስጠት ማጽዳት አይደለም።

ቆዳችን ሲቆጣ

አንዳንዶቻችን ከተላጨን በኋላ ብብታችን ያቃጥለናል፣ ሽፍታ ይወጣብናል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ባሎቻችንና ወንድሞቻችን አንገታቸው ላይ ጉብጉብ ይልባቸዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጸጉራችን ከርዳዳ መሆኑ ነው። ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾልና ሲያድግ ተጠምዞ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ስለዚህ ለእኛ ከሁሉ ጠልቆ የሚላጭ ምላጭ ከሁሉ የተሻለ አይደለም። ሁለትና ሦስት ስለት የተደረደረበት መላጫ የመጀመሪያው ጸጉሩን ስቦ ሁለተኛው ከቆዳ በታች ሊቆርጠው ስለሚችል ጉዳቱን ያብሳል። አንድ ስለት ያለው፣ መያዣው የስለቱን ጫፍ ጥቂት ብቻ የሚያወጣ መላጫ ለሚቆጣ ቆዳ ይመረጣል።

ምላጭ ስንገዛ እሽጉ ያልተከፈተ፣ የፋብሪካው ስም በግልጽ የተጻፈበት፣ ዝገት የሌለበት መሆኑን እንይ። የማይዝግ ብረት የሆነውንና ሽፋን ያለውን እናስቀድም። «ለስላሳ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ለአንዷ የተስማማ ለሌላዋ ላይስማማ ይችላል። አንድ እሽግ ገዝቶ መሞከር፣ ከዚያ ማስታወስ ነው። ምላጩን ለሁለት ሰብሮ በጣት ይዞ መላጨት ግን ይቅር፤ ስለቱን የሚገታ ነገር የለውም።

አብዛኛው ቁጣ ከምላጩ ዓይነት ይልቅ ከአላላጩ ይመጣል። በደረቁ አንላጭ፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና ሁለት ሦስት ደቂቃ እናርጥበው። ጸጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ፣ ሳንጫን እንላጭ፤ አንድን ቦታ ደጋግመን አንፈትግ። የደነዘዘ ምላጭ ከአዲሱ ይልቅ ቆዳ ይጎዳል። ስንጨርስ አለቅልቀን እናድርቀው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠቀምንበት በኋላ እንጣለው። ቆዳዋ ቆስሎ መግል የያዘ፣ ወይም የስኳር ሕመም ያለባት እህት ከመላጨቷ በፊት ጤና ጣቢያ ትጠይቅ። ለሕፃናት ራስ መቀስ ይበቃል።

ለመዝገባችን አንድ መስመር

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ስድስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ በወር አንድ ምላጭ ለብቻው ቢኖረው 6 ምላጭ ነው፤ አምስት አምስት ከሚታሸገው ከአንድ እሽግ በአንድ ብቻ ይበልጣል። ሸክሙ ከገንዘቡ ይልቅ ልማዱ ላይ ነው። «እስቲ ምላጭሽን አውሺኝ» የምትልን ጎረቤት እንቢ ማለት ለእኛ ንፍገት ይመስላል። ቡና ተጠራርተን በምንጠጣበት አገር ስለት ብቻ ለየራስ መሆኑ መለመድ አለበት። አዲስ ምላጭ ከእሽጉ አውጥቶ መስጠት ግን ደግነትም ነው፣ ጥንቃቄም ነው።

ለአጋሮቻችንም አንድ ቃል አለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደኛ ሲደርስ ከአዲአርቃይና ከዙሪያው የተፈናቀሉ ወገኖች ደባርቅ ገብተው በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ሳሙናም፣ ማበጠሪያም፣ ምላጭም የጋራ ይሆናል። ለችግር ጊዜ የንጽሕና ዕቃ ሲታሸግ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭና ያገለገለው የሚጣልበት ክዳን ያለው ጣሳ እንዲታሰብ እንጠይቃለን። ያገለገለ ምላጭ በደጅ ሲጣል የሚረግጠው ሕፃን ነው፤ የሚውጠው ከብት ነው።

በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ከቁጠባው መዝገብ ጎን ባዶ የወተት ጣሳ እናስቀምጣለን። በቤታችሁ የሰነበተ፣ የዛገ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ምላጭ ካለ በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡልን። ጣሳው ሲሞላ ለጤና ጣቢያ እናስረክበዋለን። ከዚያ ወር ጀምሮ ምላጭ በመዝገባችን ከ«ልዩ ልዩ» ወጥቶ የራሱ መስመር ይኖረዋል።