በጦር ዓሣ ማደን፦ ትልቁን ዓሣ ማን ይተወው?

በጦር ዓሣ ማደን ሲባል ምን ማለት ነው? ትንፋሽን ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ፣ ከዚያም ዓሣውን በእጅ ጦር ወይም በላስቲክ ጉልበት በሚተኮስ ጦር መውጋት ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ በቲክቶክና በዩቲዩብ አይታችሁታል፤ ጠላቂው ይወርዳል፣ ያነጣጥራል፣ ትልቅ ዓሣ ይዞ ይወጣል። ቪዲዮው የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ጠላቂው ጦሩን ከመልቀቁ በፊት ያ ዓሣ መወጋት ያለበት ነው ወይስ መተው ያለበት የሚለውን መወሰን አለበት።

ይህን ጉዳይ በአንድ ቦታ ታሪክ እንየው። ቦታው ሲድኒ የምትገኝበት የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ነው። እዚያ ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ጦረኞቹም ብዙ ናቸው። ከጦር የተነሳ የደረሰ ጉዳትም፣ ጉዳቱን ለማስቆም የወጣ ሕግም አለ።

▪️ ጦር ከመረብ በምን ይለያል?

መረብ አይመርጥም። ትንሹንም ትልቁንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም አንድ ላይ ይሰበስባል። መንጠቆም ቢሆን ማን እንደሚነክሰው አስቀድሞ አይታወቅም። በጦር የሚያድን ሰው ግን ዓሣውን ፊት ለፊት ያየዋል። ዝርያውን ይለያል፣ መጠኑን ይገምታል፣ ካልሆነለት ይተወዋል። ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች በጥንቃቄ ከተሠራበት ጦር ጉዳቱ አነስተኛ ነው የሚሉት።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ መምረጥ ነው። ሰው ምረጥ ሲባል ትልቁን ይመርጣል። በዚያ ላይ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ተፈትቶ ሊለቀቅ ይችላል፤ የተወጋ ዓሣ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ውሳኔው ጦሩ ከመለቀቁ በፊት ማለቅ አለበት።

▪️ ጥርሱ ያስጠላው ሻርክ

ግሬይ ነርስ የሚባለው ሻርክ አፉን ሲዘጋ እንኳ ጥርሶቹ ወደ ውጭ ይታያሉ። በዚህ መልኩ የተነሳ ሰው በላ ነው ተብሎ ስሙ ጠፋ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጦረኞች እንደ ጀግንነት ቆጥረው ይገድሉት ነበር፤ ጫፉ ላይ ጥይት የሚፈነዳ ጦር የሚጠቀሙም ነበሩ። እውነቱ ግን ሻርኩ ዝግ ብሎ የሚዋኝ፣ ካልነኩት ሰው የማይነካ እንስሳ ነው።

ለምን ቶሎ አለቀ? መልሱ አወላለዱ ላይ ነው። እናቲቱ ሁለት ማሕፀን አላት። ፅንሶቹ እዚያው ሆድ ውስጥ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ በመጨረሻ ከየማሕፀኑ አንድ አንድ ይተርፋል። የምትወልደው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ስለሆነ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ልጅ ብቻ ማለት ነው። እንዲህ የሚራባ እንስሳ ከተጨፈጨፈ በኋላ ቶሎ አያገግምም።

ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1984 ሻርኩን በሕግ ከለለችው። በዓለም ላይ በሕግ ጥበቃ የተደረገለት የመጀመሪያው ሻርክ እንደሆነም ይነገራል። ያም ሆኖ በምሥራቁ የአውስትራሊያ ጠረፍ ያለው ግሬይ ነርስ ዛሬም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ አልወጣም።

ለጥበቃው ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል ሮን እና ቫለሪ ቴይለር ይገኙበታል። ባልና ሚስቱ ራሳቸው የጦር አደን ሻምፒዮኖች ነበሩ፤ ሮን በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በኋላ ውድድሩን ትተው ጦሩን በካሜራ ለወጡት። "ጆውስ" በተባለው ፊልም ላይ ያሉትን የእውነተኛ ሻርክ ምስሎች የቀረጹትም እነሱ ናቸው።

▪️ ሰማያዊው ዓሣ

ሁለተኛው ታሪክ የብሉ ግሮፐር ነው። ሰው የማይፈራ፣ ጠላቂዎችን እየተከተለ የሚዋኝ ትልቅ ዓሣ ነው። ግዛቷ በ1998 ምልክቷ አድርጋዋለች። በጦር መውጋት ደግሞ ከ1969 ጀምሮ ክልክል ነው።

የግሮፐር ነገር ይገርማል። ሁሉም ሲጀምሩ ሴት ናቸው፤ ቀለማቸውም ወደ ቡናማ ያደላል። አካባቢውን የሚመራው ወንድ ሲሞት ከሴቶቹ ትልቋ ወደ ወንድነት ትለወጥና ሰማያዊ ትሆናለች። እንግዲህ አስቡት፦ ትልቁን ሰማያዊ ዓሣ የወጋ ሰው የአካባቢውን አባወራ ገደለ ማለት ነው። ቦታውን የምትተካው ደግሞ ብዙ ዕንቁላል የምትጥለዋ ትልቋ ሴት ናት። በአንድ ጦር ሁለቱም ጎደሉ።

በታኅሣሥ 2023 መጨረሻ በደቡብ ሲድኒ ክሮኑላ አካባቢ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግሮፐር በጦር ተገደለ። ገዳዩ የ500 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጣለበት። ሕዝቡ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ተቆጣ። በ2024 ደግሞ መንግሥት ግሮፐርን በመንጠቆ መያዝንም ጨምሮ በማንኛውም መንገድ ማጥመድን መጀመሪያ ለ12 ወራት ከለከለ።

▪️ ሕጉ ምን ይላል?

በግዛቷ ለመዝናኛ ለሚያጠምድ ሰው ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ክፍያ፦ 18 ዓመት የሞላው ሰው በጦርም ይሁን በመንጠቆ ከማጥመዱ በፊት የማጥመጃ ክፍያ ይከፍላል። ለ3 ቀን፣ ለ1 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ3 ዓመት መክፈል ይቻላል። ገንዘቡ ወደ መዝናኛ ዓሣ ማጥመጃ ፈንድ ይገባል። ከክፍያው ነፃ የሆኑም አሉ።

2. መሣሪያ፦ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ በጦር ማደን ክልክል ነው። ጫፉ የሚፈነዳ ጦርም እንዲሁ። በትንፋሹ ብቻ የሚጠልቅ ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ዓሣው የማምለጫ ዕድል አለው። ጦር ይዞ መብራት መጠቀምም አይፈቀድም።

3. ቦታ፦ በውቅያኖስ ዳር ባሉ የመዋኛ አሸዋማ ዳርቻዎች ከሁለቱ ጫፎች 20 ሜትር በስተቀር በጦር ማደን አይቻልም። ምክንያቱ የዋናተኞች ደህንነት ነው። ጨርሶ የሚከለከልባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ለምሳሌ በማንሊ ያለው ካቤጅ ትሪ ቤይ ከ2002 ጀምሮ ጥብቅ ነው።

4. መጠንና ቁጥር፦ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ልክና የቀን ገደብ አለው። ስናፐር ከ30 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ አይያዝም። ዳስኪ ፍላትሄድ ደግሞ ከ36 እስከ 70 ሴንቲሜትር ባለው መካከል ብቻ ነው የሚወሰደው። ትንሹ ገና ስላልወለደ ይተዋል፤ ትልቁስ ለምን? ትልልቆቹ ፍላትሄዶች ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ ዕንቁላላቸውም ከትንንሾቹ በጣም ይበልጣል።

"ፊሽስማርት" የሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ እነዚህን ሁሉ ስልክ ላይ ያሳያል። ሕጉ ስለሚለዋወጥ፣ ሲድኒና አካባቢው ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ከመውጣታችሁ በፊት እሱን ክፈቱ።

▪️ ለራስ ሕይወት

በትንፋሽ መጥለቅ ሰውንም ይገድላል። ጠላቂው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚስተው ጥልቁ ላይ ሳይሆን ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ምልክትም ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ብቻችሁን አትጥለቁ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቅ። ከመውረድ በፊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ዕድሜ የሚቀጥል ይመስላል፣ ግን አደጋውን ያብሳል።

▪️ እኛስ? ባሕር የለንም

ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። ትልልቆቹ ወላጆች ካለቁ ዘር ይጠፋል የሚለው ነገር ጣና ላይም ይሠራል። ጣና ውስጥ "ነጭ ዓሣ" ከሚባሉት የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ከ10 በላይ የሚሆኑት በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይሄዳሉ። መንገዳቸው አንድ ነው፤ የወንዙ አፍ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያገኘው ሊወልዱ የመጡትን ነው።

ሀገራችን ሕግ የላትም እንዳትሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ሲድኒም ቢሆን ሕጉ ከ1969 ጀምሮ እያለ ነው ግሮፐሩ የተገደለው። ተቆጣጣሪ ሁሉም ድንጋይ ሥር አይደርስም። ውሃ ውስጥ ያለው አጥማጁና ዓሣው ብቻ ነው።

እኛ ዓሣ የምንበላው ደግሞ ሌላ ድርሻ አለን። በክረምት ገበያ ላይ ሆዷ በዕንቁላል የሞላ ዓሣ ስታዩ ከየት እንደመጣች ጠይቁ። ገዢ ካልጠየቀ አጥማጁም መረቡን ከወንዙ አፍ የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።