በስፓኒሽ መውደድንና አለመውደድን መግለጽ

በስፓኒሽ ቋንቋ ደስ መሰኘትን የሚገልጸው ዋናው ግስ «ጉስታር» ነው። በአገባቡ ደስ የሚያሰኘው ነገር ባለቤት፣ ደስ የሚለው ሰው ተሳቢ ይሆናል። አማርኛም «ጣመ»፣ «ሰለቸ»፣ «ቀፈፈ» በሚሉ ግሶች ይህንኑ መንገድ ስለሚከተል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ሽንኩርት በስፋት በሚመረትበት በቆላማው ይፋት፣ በጀውሃና በሸዋ ሮቢት፣ ምሳሌው ከማሳ ይገኛል። «ሜ ጉስታ ላ ሴቦያ» ማለት «ሽንኩርቱ ይጥመኛል» ነው፤ «ሜ» የ«ኝ»ን ሥራ ይሠራል። ሽንኩርቱ ሲበዛ «ሜ ጉስታን ላስ ሴቦያስ» ይባላል፤ «ሽንኩርቶቹ ይጥሙኛል» እንደሚባለው ሁሉ። ሰው ሲለወጥ «ሜ» ብቻ ይለወጣል፦ «ቴ» ለአንተና ለአንቺ፣ «ሌ» ለእሱ፣ ለእሷና ለእርስዎ፣ «ኖስ» ለእኛ፣ «ሌስ» ለእነሱ። «እናንተ» በስፔን «ኦስ» ሲሆን በኩባና በቀረው የላቲን አሜሪካ «ሌስ» ነው። ድርጊት ሲወደድ ግሱ አይበዛም፦ «ሜ ጉስታ ካንታር»፣ መዝፈን ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሚመጣው ሰውየውን አጉልቶ መጥራት ሲያስፈልግ ነው። አማርኛ «እኔ ደስ ይለኛል»ንም «እኔን ደስ ይለኛል»ንም ይቀበላል፤ ስፓኒሽ ግን «ዮ» (እኔ) ብሎ መጀመርን አይፈቅድም፤ የግድ «ኣ ሚ ሜ ጉስታ» ይላል።

አለመውደድ «ኖ»ን ከፊት በማስቀደም ይነገራል፦ «ኖ ሜ ጉስታ»፣ አይጥመኝም። እጅግ መውደድ «ሜ ኤንካንታ»፣ መጥላት «ኦዲያር»፣ ግድ አለመስጠት «ሜ ዳ ኢግዋል» ነው። ሌላው የወደደውን መውደድ «ኣ ሚ ታምቢየን»፣ ያልወደደውን አለመውደድ «ኣ ሚ ታምፖኮ» ይባላል። ለሰው ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል፤ «ሜ ጉስታስ» ብዙውን ጊዜ የፍቅር ስሜትን ይጠቁማልና፣ የወዳጅነቱ አነጋገር «ሜ ካኤስ ቢየን» ነው።

በኢትዮጵያ ስፓኒሽን ጠንቅቀው ያወቁት በኩባ የተማሩት ናቸው። ከ1969–1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ በርካቶቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ደሴት ተምረዋል። እነሱ ቋንቋውን በኑሮ ለመዱት። ለሌላው አማርኛ ተናጋሪ የሚዘጋጅ መማሪያ ግን «ጉስታር»ን ከ«እወዳለሁ» ሳይሆን ከ«ይጥመኛል» ተነሥቶ ሊያስተምር ይገባል።