የራስን ታሪክ መጻፍ ስለ መለማመድ

በጌዴኦ ምድር ቱቱ ፈላ፥ ጨልባ ቱቲቲና ሳካሮ ሶዶ በተባሉት ስፍራዎች ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ። በ2014 ዓ.ም. የተገለጸ ጥናት የሳካሮ ሶዶዎቹ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ተተከሉ አመልክቷል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቱቱ ፈላ የመቃብር ስፍራ ነበረ፤ ከድንጋዮቹም አንዳንዶቹ የሰው ፊት አላቸው። ነገር ግን ከሥራቸው ያረፈው ሰው ማን ይባል እንደ ነበረ፥ ምን እንዳስደሰተው፥ ምንስ እንዳሳዘነው የሚነግረን ጽሕፈት የለም። ድንጋዩ ቀረ፤ ሰውየው ተረሳ።

የኮንጋ ወጣት ሆይ፥ ይህን የማነሣው ለአንተና ለእኅትህ ነው። የቀያችሁ ቡና ባሕር ተሻግሮ በስሙ ይጠራል። ቡናውን የምትለቅም እናት ስም ግን ከቡናው ጋር አይሻገርም። ታሪኳን የሚያውቅ ልጇ ካልጻፈላት ማን ይጽፍላታል?

«እኔ ምን ታሪክ አለኝ? መጻፍስ ተሰጥዎ ላለው ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ የአገራችን የቅኔ ትምህርት ታሪክ መልስ ይሰጣል። በዋሸራ፥ በጎንጅና በዋድላ ስልት የተማሩት ሊቃውንት ባንድ ቀን ባለቅኔ አልሆኑም። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፥ እያደረም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም፤ በየጊዜው አዲስ ማምጣት አለበት። እንግዲህ ፈጠራ በልምምድ የሚገኝ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የራስን ሕይወት በመጽሐፍ ማኖርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊቁ አለቃ ለማ ኃይሉ ያዩትንና የሰሙትን በቃል ተናገሩ፤ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። ልጅ ባይጠይቅና ባይጽፍ ኖሮ ያ ሁሉ ትዝታ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

የጌዴኦ ልጅ ደግሞ በአማርኛም በገዛ ቋንቋውም መጻፍ ይችላል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበረና።

ስለዚህ እኔ የምመክረው እንደ ቅኔ ተማሪ ከትንሹ መጀመርን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየማታው ሁለት መስመር ብቻ ጻፍ፤ ዛሬ ያየኸውን አንድ ነገር፥ የት እንዳየኸውና ማን እንደ ነበረ። በሁለተኛው ሳምንት ከጓሮህ አንድ የእንሰት ተክል ወይም አንድ የቡና ዛፍ ምረጥ፤ ማን እንደ ተከለው፥ በማን ዘመን እንደ ሆነ ጠይቀህ ጻፍ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አያትህ ዘንድ ሂድና አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርብላቸው፤ የመለሱልህንም በራሳቸው አነጋገር መዝግብ። የጻፍኸውን አሳድረህ በማግሥቱ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለጓደኛህ አንብብ። እርሱ ያልገባውን ስፍራ አርም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ትዝታ ጎዶሎ ነው፤ የጎደለውንም በአሳብ መሙላት ለልምምድ መልካም ነው። ነገር ግን ያየኸውን «አየሁ»፥ የሰማኸውን «ሰማሁ»፥ የፈጠርኸውንም «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለህ ለይተህ ጻፍ። አያትህ ያላደረጉትን ጀግንነት ብትጨምርላቸው ያከበርሃቸው ይመስልሃል፤ ዳሩ ግን እርሳቸውን አጥፍተህ በስፍራቸው ሌላ ሰው አቆምህ።

ደብተርና እርሳስ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። የሽማግሌዎች ዕድሜ ግን አይጠብቅምና፥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ዛሬ ማታ ጻፍ።