ከመዋጮ ወደ ቋሚ ጥሪት፤ የስምጥ ሸለቆ ማኅበራትና የገንዘባቸው ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆን፣ መቂንና የቀድሞዋን ዝዋይ፣ የዛሬዋን ባቱን አልፎ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ አዳሚ ቱሉን ያገኛል። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ እንደ ማለት ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ የቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ አብያታ በሚወርድበት ሜዳ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በእርሻ ምርምር ማእከሏና በፀረ ተባይ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። በማኅበራዊ ኑሮዋ ግን ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙ አትለይም። እንደ እነርሱ ሁሉ በየሰፈሯ የሚሞተውን የሚቀብር ዕድር አላት። ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለማስተማር ወይም ንጹሕ ውሃ ለማስገኘት የሚነሡ ማኅበራት ግን በእነዚህ ከተሞች ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው በለጋሻቸው ገንዘብ ዕድሜ የተወሰነ ነው። መረዳዳትን የዕለት ኑሮው ያደረገ ሕዝብ ማኅበራቱን በራሱ ጥሪት ማቆም ለምን አልሆነለትም? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የመዋጮን ታሪክ ወደ ኋላ መመልከት ያሻል።

በአካባቢው ከሁሉም የሚቀድመው የኦሮሞ ሕዝብ የመረዳጃ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ነው። በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በሌላ አደጋ ከብቱ ያለቀበት ሰው ጉዳቱን ለወገኖቹ ያስታውቃል፤ ሽማግሌዎች የደረሰበትን ጉዳት ይመረምራሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ከመንጋው ይሰጠዋል። የተሰጠው እንደ ብድር አይቆጠርም፤ ነገር ግን ተቀባዩ በተራው ሌላውን የመርዳት ግዴታ አለበት። እንዲህ ያለው ሥርዓት የተቀመጠ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ጥሪቱ በእያንዳንዱ በረት ያለው ከብት፣ መዝገቡም የሽማግሌዎች ትውስታ ነውና።

የከተማ ኑሮ እየሰፋ ሲሄድ ዘመድ ከዘመድ ተራራቀ። በዚህ ጊዜ የጉርብትና ማኅበር የሆነው ዕድር ቦታውን ያዘ። ዕድር በተለይ ከጣልያን ወረራ በኋላ በከተሞች በሰፊው መስፋፋቱን ብዙ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። የወር መዋጮ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው ይህ ማኅበር ኢትዮጵያውያን ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ፣ ምርጫና ቅጣት የተለማመዱበት ትምህርት ቤት ሆነ። ሆኖም ገንዘቡ የተጠራቀመው ለአባሉ ኀዘን ነው፤ ከዚያ ውጭ ለሌላ ሥራ ቢነካ የነገው ቀብር ይጎድላል። ስለዚህ ዕድር በመታመን የበለጸገ ሲሆን ለልማት የሚሆን ትርፍ ጥሪት ግን እምብዛም አልነበረውም።

መዋጮን ከሰፈር አውጥቶ ወደ አውራጃ ያደረሰው የ1950ዎቹ ዘመን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለትርፍ ያልቆመን ማኅበር ከመተርጎሙም በላይ ለበጎ ሥራ ተለይቶ ስለሚመደብ ቋሚ ንብረትም ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ቋሚ ጥሪት የማቆም ሐሳብ በሕግ ረገድ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። የዝዋይ አካባቢ በዚያ ዘመን በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር። በዚሁ አውራጃ ምዕራባዊ ክፍል የሚኖረው ሕዝብ ከአለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ በተመሠረተው ማኅበር አማካይነት ገንዘብ አዋጣ። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትም በዚሁ ዘመን የተቋቋመ ነው። የእነዚህ ማኅበራት ውጤት እስከ ዛሬ ድረስ መኪና ይመላለስበታል። ነገር ግን መዋጮው ለአንድ የታወቀ ሥራ የተጠየቀ በመሆኑ ሥራው ሲያልቅ ሰብሳቢውም ገንዘቡም አብረው ያልቃሉ።

የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ከዚህ የራቀ ሐሳብ ነበረው። በኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሊቀ መንበርነት በአዲስ አበባ የተቋቋመው ይህ ማኅበር ለአንድ ሥራ ብቻ ሳይሆን በየአካባቢው ትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና መንገድ ለማሠራት ከአባላቱ መዋጮ ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ከአዳማ ብዙም በማትርቀው በአርሲዋ ዴራ ያደረገው ስብሰባ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን መንግሥት ማኅበሩን አገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። በአንድ ማእከል የተጠራቀመው የሕዝብ ገንዘብና እምነት ማእከሉ ሲዘጋ ተበተነ።

ከአብዮቱ በኋላ ሁኔታው በሌላ መልክ ተለወጠ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። አዋጆቹ ለጭሰኛው መሬት፣ ለተከራዩም የኪራይ ቅነሳ አስገኝተዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። ለማኅበራት ግን የኪራይ ቤት ወይም የእርሻ መሬት ይዞ በገቢው በጎ ሥራ ማካሄድ የሚቻልበት በር ተዘጋ። የአካባቢው ጉዳይ ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ተላለፈ። ከ1977ቱ ረኀብ በኋላም የውጭ ዕርዳታ ድርጅቶች በብዛት ገቡ። ዕርዳታው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ነገር ግን የአካባቢ ማኅበር ከጎረቤቱ መዋጮ ይልቅ የፕሮጀክት ገንዘብን መጠበቅ የለመደው በዚህ ዘመን ነው። ፕሮጀክቱ በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ሲያልቅ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል፤ የሠለጠነውም ሠራተኛ ወደ ሌላ ይሄዳል።

በየካቲት 2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ይህን ጥገኝነት ገሃድ አወጣው። ከገቢው ከመቶ 10 እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታትና በመሳሰሉት ጉዳዮች እንዳይሠራ ተከለከለ፤ የአስተዳደር ወጪም ከመቶ 30 እንዳያልፍ ተወሰነ። ሕጉ በእኩል መጠን የተጻፈ ቢመስልም ጫናው እኩል አልነበረም። በአገር ውስጥ የሚሰጣቸው ቋት ያልነበራቸው ማኅበራት ወይ ሥራቸውን ለወጡ ወይ ተዳከሙ። ዕድርና ዕቁብ ከአዋጁ ውጭ ተደርገው ስለ ነበር እንደ ወትሮአቸው ቀጠሉ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የውጭ ገንዘብ ገደቡ ተነሣ፤ ድርጅቶች በንግድ ሥራ ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድም እንዲቋቋም ተደነገገ። ሕጉ ዘጥቶት የነበረውን በር ከፈተ፤ በበሩ የሚገባውን ጥሪት ማዘጋጀት ግን የሕዝቡ ፈንታ ሆኖ ቀረ።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች አንዱ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ፍሬድሪክ ጎፍ በተባለ የባንክ ሰው አሳቢነት ተቋቋመ። ጎፍን ያሳሰበው ነገር ሟቾች ለአንድ ጠባብ ዓላማ የተናዘዙት ሀብት ዘመኑ ሲለወጥ ያለ ጥቅም መቅረቱ ነበር። ስለዚህ የብዙ ሰዎች ስጦታ በአንድነት እንዲቀመጥ፣ ዋናው ሳይነካ ገቢው ብቻ እንዲሰጥ፣ የትኛው ማኅበር ይረዳ የሚለውንም የከተማይቱን ችግር የሚያውቁ የአካባቢ ሰዎች በየጊዜው እንዲወስኑ አደረገ። እንዲህ ያለ ተቋም ራሱ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ አይከፍትም፤ የሚሠሩትን ያጸናል። ለትንሽ ማኅበር የመነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሒሳብ አያያዝ ያስተምራል፤ የኦዲት ወጪን ይጋራል፤ ከአንድ ፕሮጀክት ፍጻሜ እስከ ሌላው መጀመሪያ ድረስ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይዘጋ ይደግፋል።

በኢትዮጵያም በዚህ አቅጣጫ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በ2010 ዓ.ም. በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጡ ተጠይቀው የትረስት ፈንድ ተቋቁሟል፤ ይህ ግን ለመላ አገሪቱ እንጂ ለአንድ አካባቢ የቆመ አይደለም። በኦሮሚያ ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ በክልሉ አዋጅ ተቋም ሆኖ አባላትን እየመዘገበ መዋጮ መሰብሰብ ጀመረ፤ በቦረና ድርቅም ጊዜ ዕርዳታ አድርሷል። በበረት የነበረው ጥሪት ወደ ገንዘብ መለወጡ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የጥንቱ ቡሳ ጎኖፋ የጸናው ሰጪው ተቀባዩን ስለሚያውቀውና ሽማግሌው በፊቱ ስለሚጠየቅ ነበር። ተቋሙ በሰፋ መጠን ይህን መተዋወቅ የሚተካው ግልጽ ሒሳብና የአዋጪው የመጠየቅ መብት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጎደለው ቸርነት አይደለም፤ የመሰብሰብ ችሎታም አይደለም። የጎደለው ለአንድ ቀብር ወይም ለአንድ መንገድ ብቻ ያልተወሰነ፣ በአንድ መሪ መታሰር ወይም በአንድ ለጋሽ መሄድ የማይበተን፣ ባለቤቱ የአካባቢው ሕዝብ የሆነ ቋሚ ጥሪት ነው። ዛሬ በባቱ ዙሪያ የአበባ እርሻዎች፣ በቡልቡላ የእርሻ ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ አሉ፤ ከአካባቢው ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩም ጥቂት አይደሉም። የእነዚህ ስጦታና የዕድርተኛው ጥቂት ብር በአንድ መዝገብ ቢገናኙ፣ የዕድር ዳኞችም የለመዱትን ታማኝነት ለቋቱ ቢያውሱት፣ ሥራው ከባዶ የሚጀመር አይሆንም።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ድርሻም ከዚሁ ላይ ነው። ለሚረዱት ማኅበር የሚቀጥለውን ፕሮጀክት መጻፍ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ማኅበሩ በማን ገንዘብ እንደሚቆም አስቀድሞ ከአባላቱ ጋር መምከር ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ነው። ይህ ካልሆነ በአዳሚ ቱሉም ሆነ በእኅት ከተሞቿ ሙታንን በክብር የሚቀብር ማኅበር ሲጸና፣ ሕያዋንን የሚያስተምረው በየአምስት ዓመቱ እንደ አዲስ መመሥረቱ ይቀጥላል።