ትምህርቱ ቃሉን ቀደመው፦ እንግሊዝኛ የማሰቢያና የመማሪያ ቃላቱን ያገኘበት መንገድ

ዛሬ በእንግሊዝኛ የማይጻፍ የዕውቀት ዘርፍ የለም። ስለዚህ ቋንቋው ከጥንት ጀምሮ ለረቀቀ ሐሳብ የተፈጠረ፣ የማሰቢያና የመማሪያ ቃላቱም አብረውት የተወለዱ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ምሁራን ራሳቸው ቋንቋቸውን ሻካራና ድሃ ይሉት ነበር፤ ስለ ሎጂክ፣ ስለ ተፈጥሮ ወይም ስለ ሕክምና በቁም ነገር ሊከራከር የፈለገ ሰው ብዕሩን የሚያነሳው በላቲን ለመጻፍ ነበር። ይኸው ቋንቋ 200 ዓመት እንኳ ሳይሞላ የሳይንስና የፍልስፍና ቋንቋ ሆነ። ለውጡን ያመጣው አስቀድሞ ተሟልቶ የተቀመጠ የቃላት ክምችት አይደለም። ሰዎች ቃል ጎደለው በሚባለው ቋንቋ ማስተማርና መጻፍ ጀመሩ፤ ቃላቱ ሥራውን ተከትለው መጡ።

እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ድሃ ነበር የሚለውም ቢሆን እውነት አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ ላቲን የሚያውቅ ሰው እያለቀ መሆኑን አይቶ፣ ሁሉም ሊያውቃቸው ይገባል ያላቸውን መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመ። ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ መነኩሴው ኤልፍሪክ የላቲንን ሰዋስው በእንግሊዝኛ አብራርቶ ጻፈ። በዚያ ዘመን ሰዋስው «የፊደል ጥበብ»፣ ሒሳብ «የቁጥር ጥበብ»፣ ሥነ ፈለክ «የከዋክብት ጥበብ» እንደ ማለት ከቋንቋው ከራሱ ሥር የተበጁ ስሞች ነበሯቸው። በ1066 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች አገሪቱን ሲይዙ ግን ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ወደ ፈረንሳይኛ ዞሩ፤ የትምህርቱን ዓለም ላቲን ጠቀለለው። ማሰብ፣ ማወቅ፣ መማር፣ ማስተማርና መረዳት የሚባሉት የዕለት ተዕለት ግሶች በሕዝቡ አፍ ላይ ተርፈው እስከ ዛሬ አሉ። የሊቃውንቱ ቃላት ግን ጠፉ። የጠፉት ሐሳብ መሸከም አቅቷቸው አይደለም፤ የሚያስተምርባቸው መምህርና የሚገለብጣቸው ጸሐፊ ስላጡ ነው።

ቋንቋው ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰውም በዚያው በመምህራን በኩል ነበር። ተርጓሚው ጆን ትሬቪዛ በ1385 በእንግሊዝ የሰዋስው ትምህርት ቤቶች ልጆች ፈረንሳይኛን ትተው የላቲኑን ትምህርት በእንግሊዝኛ እየፈቱ መማር እንደ ጀመሩ መዝግቧል። ትርፉንና ኪሳራውንም በሐቀኝነት መዝኗል፦ ልጆቹ ሰዋስውን ከቀድሞው ባጠረ ጊዜ ይማራሉ፤ በአንጻሩ ፈረንሳይኛ ስለማያውቁ ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ ይቸገራሉ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን የቺቸስተሩ ጳጳስ ሬጂናልድ ፒኮክ ከዚህ አልፎ ነገረ መለኮትንና የምክንያት ክርክርን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ የጎደለውንም ቃል ከቋንቋው ሥር እያበጀ ሞላ። ነገር ግን በ1457 በመናፍቅነት ተከሶ ትምህርቱን በአደባባይ ካደ፣ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ያበጃቸው ቃላት ተተኪ ተማሪ አላገኙም። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ብርቱ ሊቅ የፈለገውን ያህል ቃል ቢፈጥር፣ ቃሉን የሚያዘልቀው ከእሱ በኋላ የሚያስተምርበት ሰው መሆኑን ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤቱ አንባቢውን ሲያበዛ ሁኔታው ተለወጠ። ሰር ቶማስ ኤልዮት በ1531 ስለ መኳንንት ልጆች አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ የላቲን ቃላትን እያወቀ አስገባ፤ የእንግሊዝን ቋንቋ ማበልጸግ ዓላማው መሆኑንም በግልጽ ተናገረ። ዋናው ብልሃቱ አዲሱን ቃል ብቻውን አለመተዉ ነው። «ኤዱኬሽን» ብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ልጅ ማሳደግ የሚለውን የተለመደ አነጋገር ያስቀምጣል፤ «ማቹሪቲ» ሲል ላቲን መዋሱን ተናግሮ ምን ለማለት እንደፈለገ ያብራራል። አንባቢው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ቃሉን ከነትርጉሙ ይማራል። ሐኪሙና የሒሳብ መምህሩ ሮበርት ሬኮርድ ደግሞ በ1543 የሒሳብ መማሪያውን በመምህርና በተማሪ ንግግር መልክ ጻፈ፤ ቀጥሎም ጂኦሜትሪን፣ ሥነ ፈለክንና አልጀብራን በእንግሊዝኛ አስተማረ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የእኩል ይሆናል ምልክት (=) መጀመሪያ የታየው በ1557 ባሳተመው መጽሐፉ ነው። ሬኮርድ ክብን የምትነካዋን መስመር «ነኪ መስመር»፣ ጠባቡን ማዕዘን «ሹል ማዕዘን» እንደ ማለት ባሉ፣ ሠራተኛውና ነጋዴው በሚያውቃቸው ቃላት ይሰይም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክርክሩ ጦፈ። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም ቀለማቸውን በቀንድ ይይዙ ነበርና፣ ከላቲን የሚጎርፉትን ረጃጅም ቃላት ተቃዋሚዎቹ «የቀለም ቀንድ ቃላት» ብለው ነቀፏቸው። ቶማስ ዊልሰን በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ እንዲህ ባሉ ቃላት የታጨቀ ደብዳቤ አስገብቶ ተሳለቀባቸው። በካምብሪጅ የግሪክኛ መምህር የነበረው ሰር ጆን ቺክ በ1557 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሁልጊዜ እየተበደረ የማይከፍል ቋንቋ እንደ ከሰረ ሰው ይሆናል ሲል አስጠነቀቀ። ራልፍ ሌቨር ደግሞ በ1573 አንድ ሙሉ የሎጂክ መጽሐፍ በአገርኛ ቃላት ጻፈ፤ ሎጂክን ራሱን «ዊትክራፍት»፣ የአእምሮ ጥበብ እንደ ማለት፣ ሰየመው፤ ለብያኔና ለመደምደሚያም ሁለት ሁለት የተለመዱ ቃላት እያጣመረ አዲስ ስም አወጣ።

ጊዜ የሰጠው ፍርድ ለሁለቱም ወገን አላደላም። ዊልሰን ከተሳለቀባቸው ቃላት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ «ካፓሲቲ» እና «ሴሌብሬት»፣ ዛሬ ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው ሆነዋል፤ ግዙፍ ለማለት የገባው «ኢንጀንት» ግን ጠፍቷል። የሌቨር ቃላትም አልሰነበቱም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው አገርኛ ቃል ለረቂቅ ሐሳብ አይሆንም ይላሉ፤ የአልፍሬድና የኤልፍሪክ ዘመን ግን ይህን ያፈርሰዋል። ሌቨርን የጎዳው ዩኒቨርሲቲዎቹ ሎጂክን በላቲን ማስተማራቸውን መቀጠላቸው ነው፤ ቃላቱ የሚነገሩበት ክፍል አልነበራቸውም። የሬኮርድ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። «ነኪ መስመር» ያለው ስያሜው በላቲኑ «ታንጀንት» ተተካ፤ የሒሳብ መጽሐፉ ግን እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ እየታተመ ትውልድ አስተማረ። ቃሉ ቢቀየርም ትምህርቱ ቆየ። ተማሪው ነገሩን በቋንቋው አንዴ ከተረዳው ስሙን መለወጥ ቀላል ነው፤ ያልተረዳውን ነገር ግን የትኛውም ስም አያስተምረውም።

እንግሊዝኛን ለዕውቀት ቋንቋነት ያበቃው ግዛትና ጉልበት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ዛሬ ከአገሩ ውጭ ላለው ስርጭት ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ሕንድና አፍሪካ እንግሊዝኛን የተማሩት በምርጫ ብቻ አልነበረም። ለዕውቀት ቋንቋነቱ ግን መልስ አይሆንም። የለንደኑ ርእሰ መምህር ሪቻርድ መልካስተር በ1582 ለአገሩ ቋንቋ ሲሟገት፣ እንግሊዝኛ ከደሴቲቱ የማይወጣ ትንሽ ቋንቋ መሆኑን አምኖ ነበር። እንግሊዞች በአሜሪካ የመጀመሪያውን ዘላቂ ሰፈራቸውን በጄምስታውን የመሠረቱት በ1607 ነው። የሬኮርድ፣ የኤልዮትና የዊልሰን መጻሕፍት ግን ከዚያ በፊት ታትመው አልቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ታላላቆቹ ሊቃውንት ራሳቸው ላቲንን መረጡ። ዊልያም ጊልበርት ስለ ማግኔት በ1600፣ ዊልያም ሃርቬይ ስለ ደም ዝውውር በ1628፣ ኒውተን ስለ እንቅስቃሴና ስበት ሕግ በ1687 የጻፉት በላቲን ነበር፤ የመላው አውሮፓ ሊቃውንት እንዲያነቡላቸው ፈልገዋልና። ይህ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን መሥራታቸውን እንጂ እንግሊዝኛ አለመቻሉን አያሳይም። በ1597 ትምህርት የጀመረው የለንደኑ ግሬሻም ኮሌጅ ንግግሮቹን በላቲንም በእንግሊዝኛም ያሰማ ነበር። በ1660 የተመሠረተው የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ መጽሔቱ በ1665 በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ። ጆን ሎክ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስብና እንደሚያውቅ የመረመረበትን ትልቅ ሥራ በ1690 ገደማ በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ኒውተንም በ1704 የብርሃን ጥናቱን በዚያው ቋንቋ አሳተመ።

የተከፈለው ዋጋም መሸፈን የለበትም። የተዋሰው ቃል ስለበዛ ላቲን ያልተማረው ሰው በገዛ ቋንቋው ባዳ ሆነ። ሮበርት ኮድሪ በ1604 ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚባለው መጽሐፍ፣ 2,500 ያህል ከባድ ቃላት የያዘ ነበር፤ በርእሱም ለሴቶችና ላልተማሩ ሰዎች መዘጋጀቱን ይናገራል። ኤልዮት በየገጹ ያደርገው የነበረውን ማብራራት ጸሐፊዎች ሲተዉት፣ ሸክሙ በአንባቢው ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ከፍተኛ ትምህርት ይሰጥ ሲባል የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ «ቃላቱ የሉም» የሚል ነው። ኤልዮትም ብዕሩን ሲያነሣ ቃላቱ አልነበሩም። አማርኛ ደግሞ ላቲን ለእንግሊዝኛ እንደሆነው ሁሉ የሚዋስበት ግእዝ አለው፤ በትርጓሜ ቤትም የግእዙ ንባብ በአማርኛ አንድምታ እየተተነተነ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። እንግሊዝኛን ገና በደንብ ላልያዘ ተማሪ ባልተረዳው ቋንቋ ጽንሰ ሐሳብ ማሸምደድ፣ ትሬቪዛ የመዘነውን ትርፍ ያሳጣል፤ እንግሊዝኛን መተውም እሱ የመዘነውን ኪሳራ ያመጣል። ለንደን በግሬሻም ኮሌጅ እንዳደረገችው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገው የሚሊዮን ቃላት ዝርዝር አይደለም። ባለሙያው የሚያውቀውን ሙያ ጎረቤቱ በሚገባው ቋንቋ ይጻፈው፤ አዲሱን ቃል ከግእዝም ይውሰድ ከእንግሊዝኛ፣ በየገጹ ያብራራው፤ መምህሩም ክፍል ገብቶ ያስተምርበት። ከቃላቱ የሚበጀውን ተማሪዎቹ እየለዩ ያስቀሩታል።