ከተማ ሲከሰስ፦ የአሜሪካ ማዘጋጃ ቤቶችና የፀረ ሞኖፖል ሕግ

የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በ1890 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሸርማንን ሕግ ያወጣው ገበያውን ጠቅልለው የያዙ ባለሀብቶችን ለመግታት ነበር። ስለ ማዘጋጃ ቤት በስም ያነሳው ነገር የለም። ክርክሩም የተወለደው ከዚህ ዝምታ ነው።

በ1943 አንድ የካሊፎርኒያ የዘቢብ አምራች ክፍለ ግዛቱ የሽያጭ ቁጥጥር ጣለብኝ ብሎ ቢከስም ተረታ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ክፍለ ግዛትን አይነካም አለ። ከተሞችም በዚያው ጥላ ለመጠለል ሞከሩ። በ1978 ግን በሉዊዚያናዋ ላፋየት የመብራት ጉዳይ፣ ከተማ በራሱ ሉዓላዊ እንዳልሆነ ተፈረደ። በ1982 ደግሞ የኮሎራዶዋ ቦልደር የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅትን መስፋፋት ለሦስት ወር ማገዷ አስጠየቃት። ራስን የማስተዳደር ቻርተር ብቻውን አልበቃም፤ ክፍለ ግዛቱ በግልጽ የፈቀደው ፖሊሲ ያስፈልጋል ተባለ።

ሕጉ ካሳን ሦስት እጥፍ ስለሚያስከፍል ከንቲባዎች ደነገጡ። በ1984 መጀመሪያ በኢሊኖይ በግሬይስሌክ መንደርና በሌክ ካውንቲ ላይ የ28.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ተሰማ፤ ኋላ ቢሻርም። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ከአካባቢ መስተዳድሮች የገንዘብ ካሳ መጠየቅን ከለከለ። የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ግን አልቀረም።

ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ ላላ። በ1985 ከተማ የክፍለ ግዛት የቅርብ ክትትል እንደማያስፈልገው፣ በ1991 ደግሞ ከነጋዴ ጋር ማሴሩ ብቻ ከለላውን እንደማያሳጣው ወሰነ። ይህ የመጨረሻው ለሙስና በር የሚከፍት ነው ብዬ አምናለሁ። በ2013 በጆርጂያዋ ኦልባኒ የሆስፒታል ግዢ ጉዳይ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ልጓሙን መለሱ፦ ንብረት የመግዛት አጠቃላይ ሥልጣን ውድድርን ለመግደል ፈቃድ አይሆንም።

ሲያትል በ2015 የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪዎች በኅብረት እንዲደራደሩ ፈቀደች። ከእነዚህ አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም አሉባቸው። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤት ክፍለ ግዛቱ ለዋጋ ድርድር ፈቃድ አልሰጠም፣ ዋጋውን የሚደራደሩት የግል ወገኖች በመሆናቸው የሚያስፈልገውን ክትትልም አላደረገም በማለት ከለላውን ነሳት። በ2022 ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ራሱ የአሽከርካሪዎቹን ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ደነገገ።

እንግዲህ የከተማ ሥልጣን የውክልና ሥልጣን ነው። ከከተማው መብት የሚፈልግም ሆነ በከተማው ውሳኔ የተጎዳ ሰው ማዘጋጃ ቤት ደጅ ብቻ አይቁም፤ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤትም ደጅ ይጥና።